ወደ ምርኮው አገር የተመለሰው፦ ንስሐና ስብከተ ወንጌል በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ደብራችን የተመሠረተችበትን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሰበካ ጉባኤው ባዘዘኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የታሰበኝ ስለ ሕንፃችን መጻፍ ነበር። የተከራየናት ምድር ቤት፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ያደርንበት የመጀመሪያው የትንሣኤ ሌሊት፣ ታቦቱ ከአገር ቤት የገባበት ዕለት፤ እነዚህ ሁሉ ሊጻፉ የሚገባቸው ናቸው፤ በዚሁ መጽሐፍም ከእኔ በተሻለ በሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ተጽፈዋል። እኔ ግን ወደ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራቅ ብዬ፣ በሰው አገር ተሰብስበው ይጸልዩ ስለ ነበሩ ሌሎች እንግዶች መጻፍን መረጥሁ። እኛ ከኢትዮጵያ ወጥተን በባዕድ አገር እንጸልያለን፤ እነርሱ ደግሞ ከሮም ግዛት ወጥተው በአክሱም መንግሥት ይጸልዩ ነበር።

ይህን ታሪክ በጽሑፍ ካቆዩልን መካከል ቀዳሚው ላቲናዊው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ነው። አገራችንን «ህንድ» እያለ ይጠራታል፤ በዚያ ዘመን ጸሐፍት ዘንድ ይህ የተለመደ ነበርና አንባቢ ሊደናገር አይገባም። ነገሩን ከሩቅ ወሬ ሳይሆን ከባለ ታሪኮቹ ከአንዱ፣ ከኤዴስዮስ አንደበት እንደ ሰማው ይናገራል።

ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ይዞ በባሕር ለጉብኝት ወጣ። በመልሱ መርከቧ ውኃና ስንቅ ልትይዝ ከአንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያ ወራት የአገሩ ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቧ የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው። ልጆቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ታዘነላቸውና ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው፣ አስተዋዩን ፍሬምናጦስን ደግሞ የሀብቱ ጠባቂና ጸሐፊው አደረገው። ሊሞት ሲል ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ሕፃን ልጇ አድጎ እስኪነግሥ ድረስ አብረዋት መንግሥቱን እንዲጠብቁላት ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ቆዩ።

በትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ይህን ያህል ነው። ዘወትር በችኮላ የምናልፈው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ፍሬምናጦስ ሥልጣኑ በእጁ በሆነ ጊዜ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር አሕዛብን ማስተማር አልነበረም። ከሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ መፈለግ ጀመረ። ባገኛቸውም ጊዜ በየሥፍራው የጸሎት ቤት እንዲያበጁና በአንድነት እየተሰበሰቡ እንዲጸልዩ አሳሰባቸው፤ ቦታ እየሰጠና የሚያስፈልጋቸውን እያሟላ አበረታታቸው።

እነዚህ ነጋዴዎች የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። በአገራቸው ቄስና መሠዊያ ነበራቸው። በአዱሊስ ወደብና በአክሱም ገበያ ግን የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይገዙ ነበር፤ ጸሎቱ የት እንደሚደረግ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እንዴት ያለ ኑሮ እንደሆነ እኛ የምናውቀው ነው። ሰው በሰው አገር ሲኖር እምነቱን በአንድ ቀን አይጥልም፤ ዛሬ ሥራ አለ፣ ነገ ድካም አለ እያለ ከእጁ ቀስ ብሎ ይሾልካል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በአክሱም ምድር የፍሬምናጦስ የመጀመሪያ ስብከት የንስሐ ጥሪ ነበር፤ የተጠራውም ክርስቶስን ያልሰማው አረማዊ ሳይሆን ሰምቶ የዘነጋው ክርስቲያን ነበር። በኋላ በኢትዮጵያ ምድር የተስፋፋው ብርሃን የተጫረው ከእነዚያ የእንግዶች ጸሎት ቤቶች ነው።

«ንስሐ ገባ» የምንለውን አነጋገር ልብ በሉት። በግእዝ «ገብአ» ማለት ገባ ብቻ ሳይሆን ተመለሰም ማለት ነው። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ወደ አባቱ ቤት የገባው ተመልሶ ነውና ቃሉ ሁለቱንም መያዙ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ከልጆቼ ጋር ስመለስ አረጋዊ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ባለቤቱን ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። ነጠላችንን እያየ፣ ገና ሳይነጋ ወጥታችሁ እስከዚህ ሰዓት የምትቆዩበት ቦታ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ባህላችን ነው» ብዬ መለስሁለትና ወደ ቤቴ ገባሁ። ርቦኝ ነበር፤ በዚህ አገር ቋንቋ ስለ ሃይማኖት ማውራትም ያሳፍረኝ ነበር። አባቶቻችን ባሕር የተሻገሩለትንና ደም ያፈሰሱለትን ነገር በሁለት ቃል «ባህል» ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የንግሥቲቱ ልጅ አድጎ ነገሠ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም አደራቸውን አስረክበው፣ እንዳይሄዱ ቢለመኑም፣ ተነሡ። መንገዳቸው የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተጣደፈ። ይህን በማድረጉ ልንወቅሰው አንችልም፤ ስንት ዓመት ሙሉ የእናቱን ፊት ያላየ ሰው ነው። በጢሮስም ቅስና ተቀብሎ አገልግሏል፤ እርሱ ባይናገርም ኖሮ ሩፊኖስ የሚጽፈው ባላገኘ ነበር። ፍሬምናጦስም እናት ነበረው ይሆናል። እርሱ ግን የእግዚአብሔር ሥራ ተሰውሮ እንዲቀር አልወደደምና ወደ ጢሮስ ሳይሆን ወደ እስክንድርያ አቀና። ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ በ328 እ.ኤ.አ. ከተሾመ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያች ሩቅ አገር ብዙ ክርስቲያኖች እንደ ተሰበሰቡ፣ የጸሎት ቤቶችም እንደ ተሠሩ አስረዳና ጳጳስ እንዲልክላቸው ጠየቀው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተናግሮ እርሱኑ ሾሞ መለሰው።

እንዲህ ሆኖ ዘመዶቹ ወደ ተገደሉበትና እርሱም ተማርኮ ወደ ገባበት ምድር በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ። ነጻነቱን ያገኘ ሰው ነበርና የሚያስገድደው አልነበረም። ሕዝባችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ የሰየመው ስለዚህ ነው፤ መታሰቢያውም ሐምሌ 26 ቀን ይከበራል።

በትውፊታችን አብርሃና አጽብሐ የሚባሉት፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፍትም ከኢዛናና ከሳይዛና ጋር የሚያገናኟቸው ወንድማማች ነገሥታት ዘመን ይህ ነው። የመመለሱ ምስክር በድንጋይና በብረት ላይ ይታያል። በአክሱም ዛሬም የቆመው የኢዛና ጽሑፍ በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግእዝ የተቀረጸ ሲሆን ንጉሡን የማሕረም ልጅ ይለዋል፤ ማሕረም የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ ነበር። በኋላ በግእዝ በተቀረጸው፣ በኖባ ላይ የተደረገውን ዘመቻ በሚተርከው ጽሑፍ ግን ማሕረም የለም፤ ምስጋናው ሁሉ ለሰማይ ጌታ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን በግልጽ ይናገራል። በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባ፤ በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙ መንግሥታት ከቀዳሚዎቹ አንዱ አክሱም ነው።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ ሳላስተውል ማለፍ አልወድም። አንደኛ፣ አሮጌው ድንጋይ አልተሰበረም፤ የማሕረምን ስም እንደ ያዘ ቆሟል። ንስሐ የገባ ሰው የቀድሞ ታሪኩን ፍቆ አዲስ ሰው ነኝ አይልም፤ የነበረውን ይናዘዛል እንጂ። ሁለተኛ፣ የኖባው ጽሑፍ በሕዝቡ ላይ ግፍ ሳይሠራ በጽድቅና በፍትሕ እንደሚገዛ ቢናገርም፣ ያው ጽሑፍ የገደላቸውንና የማረካቸውን ሰዎች ቍጥር ይዘረዝራል። የአንድ ንጉሥና የአንድ አገር መመለስ በአንድ ጥምቀት አይፈጸምም። ጳጳሱ ከተመለሰ በኋላ ሥራው ያልቀለለው ለዚህ ይመስለኛል።

ከውጭም ፈተና መጣ። አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስን በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ወደ ግብፅ እንዲልኩት ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ አስቀምጦልናል። ኢትዮጵያ ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም እንግዶች ነበሩ፤ «ሃይማኖት» የሚለው ቃላችን ራሱ ከአራማይስጥ የመጣ እንግዳ ነው። በእንግዶች አፍ ወንጌልን የሰማን ሕዝብ ነን፤ አሁን ደግሞ ተራው ደርሶን እኛ እንግዶች ሆነናል።

ያንን የጎረቤቴን ነገር ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ሌላ ብዙ ኃጢአት ይዤ ሄጄ ነበር፤ ትልቁ ያልሁት ሌላ ነበር። እርሳቸው ግን በዚህችው ላይ ቆዩ። ከጾሙና ከስግደቱ ጋር «ሄደህ መልስለት» የሚል ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱን ፈጸምሁ፤ ጾሙንም ጾምሁ። ወደ አጥሩ መሄዱን ግን ከበዓል ወደ በዓል አስተላለፍሁት። የምለውን ላዘጋጅ፣ ቋንቋውን ላስተካክል እያልሁ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ይዤ በሩን ሳንኳኳ የሚከፍት አልነበረም። መጋረጃዎቹ ወርደዋል፤ ዕቃው ወጥቷል። ልጁ ወዳለበት ከተማ ወስዶት ኖሮ እዚያው እንዳረፈ በኋላ ከሌላ ጎረቤት ሰማሁ።

ተመልሼ ለአባቴ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «በቤቱ ማን ገባ?» ብለው ጠየቁኝ። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር እንደ ገባች ነገርኋቸው።

ባለፈው ትንሣኤ ሌሊቱን ቆመን አድረን ጠዋት ስንመለስ ትንሹ ልጅ በረንዳው ላይ ነበር። የልጄን ነጠላ ጥለት ይዞ ለምን እንደ ለበሰው ጠየቀው። ልጄ ዞር ብሎ ተመለከተኝ። እናትየዋን ከነልጆቿ ጠርቼ ቤት አስገባኋቸው፤ ዳቦው ተቈረሰ፤ በዚያች በማታስተማምን ቋንቋዬም ከመቃብሩ ድንጋዩ ተንከባሎ ከተገኘበት ማለዳ ጀምሬ ነገርኋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።