መካኒኩ የመረጠው መኪና

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ልደታ ማርያም አካባቢ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለች አንዲት ግቢ፣ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ንፍሮ ይዘግናል። የአንዳችን አጎት (ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እንበላቸው) ንፍሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንድ ጥያቄ ጣሉብን። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ። ሃይሉክሷን ልሽጣት ወይስ ሞተሯን ላሠራት?»

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ስለ መኪና የምናውቀው ከታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ሆነን ያየነውን ያህል ነው። ጋዜጠኛ ግን «አላውቅም» ከማለት «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለት ይቀለዋል። እኛም እንዲያው አልን፤ ገባንበትም።

ሃይሉክሷ የ88 ሞዴል ናት (እንደ ፈረንጆቹ መሆኑ ነው፤ መኪና ነጋዴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አያወራም)። ባለ ነጠላ ጋቢና፣ ናፍጣ የምትጠጣ፣ ቀለሟ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ። ጋሼ ከሃያ ዓመት በላይ ከእምድብር ወዲያ ካለ ገጠር ቆጮ ጭነውባታል፤ ሦስት ልጆችም በእሷ ተምረዋል። አሁን ዘይት መብላት ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ ሰጥቷል። በዚያ ላይ ተበድረው ቢጨምሩ ዘመናዊ ደብል ጋቢና ይገዛሉ። የቤቱ ገቢ በሙሉ አራት ጎማ ላይ ስለሆነ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

በማግስቱ መኪናዋን ዕድሜ ልኳን ወደሠሯት መካኒክ ሄድን። ጋራዥ ይባል እንጂ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድና በዘይት የጠቆረ መሬት ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ለረዳታቸው ትእዛዝ ይሰጣሉ፦ ኮፈኑን ክፈት፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳውን ተወው፣ ፍሪሲዮኑን ርገጥ፣ ካምቢዮውን እየው። ከመካከላችን አንዷ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ላሜራ። ጋቢና ራሱ። አንድ ገጽ ሞላና ስናየው ገጹ በሙሉ ጣልያንኛ ነው። «ጋሼ፣ ጣልያንኛ ይችላሉ?» አልናቸው። «የምን ጣልያንኛ? ይሄ የመኪና አማርኛ ነው» አሉን።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ አንድ መኪና ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን አንድ ጀርመናዊም ሌላ መኪና አምጥቷል። የታሪክ ጸሐፊዎች ማን ቀደመ እያሉ ይከራከሩ፤ እኛን የገረመን ሌላ ነው። መኪናዋን እዚህ ያደረሳት ሞተሯ ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ ፈትቶ የሚገጥማት ሰው መኖሩ ነው። ሰውዬው ሲሄድስ? ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ ሆኖ የቀረው በመንገድ እጦት ብቻ አይመስለንም። ፈቺና ገጣሚም አልነበረም።

ፈቺው የመጣው በክፉ ቀን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጦሩን ለማመላለስ መንገድ ጠረገ፤ በመንገዱም ላይ የጭነት መኪናዎቹን ነዳ። ጦሩ ሲሸነፍ ከኢጣልያኖቹ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ፤ ጋራዥም ከፈቱ። እዚያ መፍቻ የሚያቀብለው ልጅ ዕቃውን ከነስሙ ተማረ። ያ ልጅ አድጎ ለሌላ ልጅ አስተማረ፤ የኛም ሽማግሌ ከዚያኛው ልጅ ነው የተማሩት። (ይህን ማለታችን ወራሪን ማመስገን አይደለም። ከተማዋን የነጭና የጥቁር ብሎ ከፍሎ ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ የገፋውም እሱ ነው። ዛሬ ጋሼ መለዋወጫ የሚፈልጉት በዚያው አካባቢ፣ ከልደታ በእግር በሚደረስበት ሶማሌ ተራ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።)

በትምህርት ሚኒስቴር ያልተመዘገበ፣ ሰርተፊኬት የማይሰጥ፣ ግን ሰማንያ ዓመት ያላቋረጠ ትምህርት ቤት ማለት ይህ ነው። ሽማግሌው መካኒክ አንድም መጽሐፍ አላሳዩንም። እጃቸውን ግን አሳይተውናል።

ለዚህ ትምህርት ቤት የሚስማማው መኪና የመጣው ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አካሉ አልሙኒየም የሆነው ለውበት አልነበረም፤ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበረ ነው። በሩ ቀጥ ያለ፣ መስታወቱ ጠፍጣፋ፣ ሁሉ ነገሩ በብሎን የተያዘ። ጃፓኖቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ቢጄ የተባለች ጂፕ መሰል ቶዮታ ሠርተው የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አስወጧት፤ በ1954 ላንድክሩዘር የሚለውን ስም አገኘች። ሃይሉክስ የተወለደችው በ1968 ነው። ፎር ዊል የሆነችው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

በኛ በኩል የመንገዱ ነገር እንዲህ ነበር። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ገንዘብ ተበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይሁንና ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር እንኳ የአገሪቱ መንገድ ተጠራቅሞ 26,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ያውም ከ1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ላለው አገር። የቀረው ጭቃ፣ ኮረኮንችና የበቅሎ መንገድ ነው። ክትባት፣ ደመወዝ፣ የፈተና ወረቀት፣ አንበጣ የሚከላከለው ባለሙያ፣ ሁሉም በዚያ ማለፍ ነበረበት።

ልደታ ለእንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለችም። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቦሌ ሳይሠራ በፊት፣ ማረፊያው እዚሁ ልደታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች ናቸው፤ ዕቃም ሰውም አብረው የሚጭኑ፣ ሣር ላይ የሚያርፉ። የሰማይ ፒክ አፕ ብንላቸው ማጋነን አይሆንም።

ላንድሮቨር ለረጅም ጊዜ የገጠሩ ንጉሥ ነበር፤ የኋላ አክስል በመስበር ግን ስሙ ጠፋ። ደርግ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ዋዝ መጣች። ጠንካራ ናት፤ ወላጆቻችን የቀበሌና የካድሬ መኪና አድርገው ያስታውሷታል። ሶቭየት ሲፈርስ ግን መለዋወጫዋም አብሮ መድረቅ ጀመረ። በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ ድርጅቶች ሲጎርፉ የቶዮታ ዘመን ገነነ። ባለ ብርቱካናማ ሰሌዳ ነጭ ላንድክሩዘር ለኛ ትውልድ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሁሉ «ፊልድ» እና «አበል» የሚሉትን ቃላት ሲሰማ በዓይኑ የሚመጣበት እሱ ነው።

መካኒኩ ሃይሉክሷን ለምን እንደሚወዷት ጠየቅናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ እንድንገባ አደረጉን። ቀሚስ የለበሰችው ጓደኛችን ሳትቀር ገባች።

ከታች ሲያዩት ነገሩ ግልጽ ነው። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ወፍራም የብረት ዘንጎች አሉ፤ ይህ ቻሲው ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ተቀምጧል። የኋላው ባሌስትራ ነው፤ እንደ ቅጠል የተደራረበ ብረት። አንዱ ቅጠል ገጠር ውስጥ ቢሰበር ከሌላ መኪና የተረፈ ብረት ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ ይገባል። ሞተሩ ተርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ በሞተሩ ጉልበት የሚዞር መካኒካዊ ዕቃ ነው፤ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ቢወልቅ እንኳ መሥራቱን ይቀጥላል። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን አየር ታምቆ ሲግል ነው፤ ስለዚህ ካንዴላ የሚባል ራስ ምታት የለም። ፎር ዊሉ የሚገባው በዘንግ ነው፤ በእጅ ተጎትቶ።

የታላቅ ወንድሟ የላንድክሩዘር ፒክ አፕም ነገር ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ዓለም ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲሄድ ለአፍሪካ ገበያ ከ30 ዓመት በላይ መሸጡን ቀጠለ። ይህ ንቀት ነው ወይስ ማስተዋል? በመካከላችን ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ዓለምም ይህችን መኪና በየፊናው አውቋታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የቻድ ወታደሮች ሚሳይል በጫኑ የቶዮታ ፒክ አፖች በረሃውን እየሰነጠቁ የሊቢያን ታንኮች ስላሸነፉ ጦርነቱ «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። በ2003 ደግሞ የቢቢሲው ቶፕ ጊር አንዲት ሃይሉክስ (እሷም የ88 ሞዴል!) ባሕር ውስጥ አስጠልቆ፣ አቃጥሎ፣ ሊፈርስ በተዘጋጀ ሕንፃ ጣራ ላይ ሰቅሎ ከሕንፃው ጋር ጣላት። በተራ መፍቻ ተሠርታ ተነሳች። ቪዲዮውን ለመካኒኩ በስልክ አሳየናቸው። እስከ መጨረሻው አይተው «ታዲያ ምን ይገርማል?» አሉ።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። ሊገዟት ያሰቧት ዘመናዊ ደብል ጋቢና ምን ይጎድላታል? በምቾትም፣ በጉልበትም፣ በጭስም ትበልጣለች፤ ይህን መካድ ግብዝነት ነው፤ የአሮጌ ናፍጣ ጭስ የምንተነፍሰው እኛው የከተማ ሰዎች ነን። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የመጡት ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በቀጭን ቀዳዳ ይረጫሉ፤ መጠኑን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። በገጠር ከጀሪካን የሚቀዳ ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ያንን ቀዳዳ ያበላሸዋል። ያኔ ካቻቢቴ አይበቃም፤ ማሽን ያስፈልጋል፣ ማሽኑ ደግሞ እምድብር የለም። የጋሼ ጎረቤት ባለፈው ክረምት በአንድ ሴንሰር ምክንያት ከወልቂጤ አዲስ አበባ ድረስ በተሳቢ ተጎትቶ መጥቷል። የመጎተቻው ሒሳብ ከሴንሰሩ ዋጋ በለጠ።

ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። የነዳጅ ወጪያችንን ለሚያውቅ ውሳኔው ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱም ከናፍጣው ያነሰ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያለው፣ ቀላል ነገር ነው። ጉዳዩ ባትሪውና ኮምፒውተሩ ላይ ነው፦ ማን ፈትቶ ማን ይገጥመዋል? ጋራዡ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ረዳት አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ጥግ ተቀምጦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ በሂንዲ ያያል። ቋንቋውን አይችልም። «እጁን ነው የማየው» አለን።

መካኒኩ ይህን ሰምተው ሳቁ። እሳቸውም እንዲያው ነበር የተማሩት።

ለጋሼ ያመጣንላቸው መልስ አጭር ነበር፤ «መካኒክዎን ይጠይቁ» አልናቸው። ትንሽ ተቆጡ፤ ለዚህ ነው ወይ ሁለት ሳምንት የፈጀባችሁ አሉን። ግን ጠየቁ። ሞተሯ ወረደች። ረዳቱ የሚገዛውን ዕቃ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈ፤ አብረነው ሶማሌ ተራ ሄድን፤ ከአንዱ ሱቅ ያጣነውን ከሌላው እያገኘን እስከ አሥር ሰዓት ጨረስን።

ከወር በኋላ ልደታ ስንሄድ ጋሼን ሃይሉክሷን አስነስተው ሊወጡ ሲሉ አገኘናቸው። ሞተሯ እንደ አዲስ ሆናለች፤ ባትሪዋ ግን ሞቶ አድሯል። «ኑ ግፉ!» አሉን። አራታችንም ገፋን። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ፤ ነጠቅ አለችና ተነሳች። እንዳትጠፋባቸው ሳያቆሙ፣ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ወልቂጤ መንገድ ሄዱ። እኛም እጃችንን አራግፈን ወደ ባቡር ጣቢያው ወጣን።