ልጆች ዳኛ የሆኑበት ቤት



አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ ተርተዋል። ተረቱ የልጅ ክንድ አለመጽናቱን ሲያስረዳ እውነት አለው። ነገር ግን የልጁን ኑሮ የሚነካ ምክር ልጁ ሳይጠየቅ እንዲቈረጥ ማመካኛ የሆነ እንደሆነ ወደ ስሕተት ይመራል። ለዚህም ከታሪክ አንድ ምስክር እንጠራለን፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንናገራለን።

በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል የሕፃናት ሐኪምና ደራሲ ነበረ። በ1912 ዓ.ም. ለአይሁድ እጓለ ማውታ ልጆች የተከፈተውን ቤት፥ ከባልደረባው ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር ያስተዳድር ጀመር። በዚያም ቤት ልጆቹ የራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው። 5 ዳኞች፥ በሳምንቱ ውስጥ ክስ ካልቀረበባቸው ልጆች መካከል በዕጣ ይመረጡ ነበር። ሕጋቸውም የሚጀምረው ከቅጣት ሳይሆን ከይቅርታ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ሸንጎው ለትልቅ ሰው የማያዳላ መሆኑ ነው። ኮርቻክ በስድስት ወር ውስጥ 5 ጊዜ ራሱን ከሶ በልጆቹ ፊት ቆሟል። አንድ ጊዜ ልጅ በመምታቱ፥ ሌላ ጊዜም አንዲትን ልጅ በስርቆት በመጠርጠሩ ነበር። እነዚያም ፍርዶች ከቀድሞው የተሻለ አስተማሪ እንዳደረጉት ራሱ ጽፎ መስክሯል።

ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ሐኪሙ የልጁን ክብደት በየሳምንቱ መዝኖ ያውቃል፤ በመኝታ ቤት በሌሊት የሚያስፈራራው ማን እንደሆነ ግን ልጁ ካልነገረው አያውቅም። ልጁም ሰሚ እንዳለው ካላመነ አይናገርም።

በነሐሴ 1942 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ወታደሮች 200 ያህሉን ልጆች ወደ ትሬብሊንካ የሞት ሰፈር ወሰዷቸው። ኮርቻክና ስቴፋኒያም ከልጆቹ ሳይለዩ አብረው ሄዱ፤ በዚያም ተገደሉ።

ሐሳቡ ግን አልተቀበረም። በ1978 ዓ.ም. ፖላንድ ስለ ሕፃናት መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲጻፍ ለተባበሩት መንግሥታት አሳሰበች። በ1979 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሺልቲጋይም ከተማ ልጆች የሚመክሩበት የከተማ ሸንጎ አቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀውም ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፥ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ደነገገ። ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም. ተቀብላዋለች።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፥ በየቀበሌው ስለ ወጣቶች ጤናና ደኅንነት ምክር ሲያዝ ወጣቶቹን ከደጅ አናቁማቸው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ ይሆናል፤ የራበው ልጁ ከሆነ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው።