የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ አፈታትና አገጣጠም

የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ አፈታትና አገጣጠም ካላማዳሪ ለመጠገን፣ ጎማ ለመቀየር ወይም የፍሬን ሸራ ለመተካት የሚከናወን የጥገና ሥራ ነው። ይህ መጣጥፍ በሰንሰለት የሚሠሩና የታምቡር ፍሬን ያላቸውን ቆየት ያሉ ሞተር ሳይክሎች ይመለከታል፤ ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 አንዱ ምሳሌ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ከመፍታቱ ይልቅ መግጠሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አፈታት

ሞተሩ ጠፍቶ በመሃል ማቆሚያው ይቆማል። በመጀመሪያ የፍሬን ዘንጉ ማስተካከያ ዳዶ ይወጣል። ቀጥሎ የፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመውን ሳህን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው መያዣ ክንድ ይፈታል። ከዚያ የሰንሰለቱ መጋጠሚያ ይከፈታል፤ የጎማው ዘንግ ዳዶም ከነመቆለፊያ ሽቦው ወጥቶ ዘንጉ ይሳባል። ማራራቂያ ቱቦዎቹና ሮንዴላዎቹ ሲገቡ እንዳይዛነፉ በወጡበት ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ።

አገጣጠም

ዘንጉ ተጠርጎ ግራሶ ይቀባና ክፍሎቹ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። የሚከተሉት በተለይ ይረጋገጣሉ፦

* መያዣው ክንድ፦ ሳይታሰር ከቀረ ፍሬን ሲያዝ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ጎማውም በድንገት ሊቆለፍ ይችላል።
* የሰንሰለቱ ክሊፕ፦ ዝግ ጫፉ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል። በተቃራኒው ከገባ በጉዞ ላይ ሊወጣ ይችላል።
* የሰንሰለቱ ልልነት፦ በብዙ ሞዴሎች መሃሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው።
* የጎማው ቀጥታነት፦ በግራና በቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል መሆን አለባቸው።
* መቆለፊያው ሽቦ፦ በአዲስ ይተካል።

በመጨረሻ ጎማው በእጅ ይሽከረከራል፤ ፍሬኑም በዝግታ ጉዞ ይሞከራል።

በቁልቁለት መንገድ

የሥራው ጥራት በይበልጥ የሚፈተነው በተራራማ አካባቢ ነው። በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ 40 ኪሎሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው አንኮበር በታች ደግሞ መሬቱ ወደ አልዩ አምባና ወደ አፋር ቆላ በኃይል ያሽቆለቁላል። በረጅም ቁልቁለት የታምቡር ፍሬን ግሎ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። እንደ ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነዳጅ ሲለቀቅ ብዙም ስለማይገቱ ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ጎማው እንደ አዲስ ከተገጠመ በኋላ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዳዶዎቹን መፈተሽና በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይመከራል።