የታሮት ካርዶቹን ማን ሣላቸው? ለማንስ ተከፈለ?

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት የታሮት ካርዶች ቀዳሚው «ራይደር ዌይት» ይባላል። ራይደር ያሳተመው ድርጅት ስም ነው። ዌይት ደግሞ ሐሳቡን ያመነጨውና ማብራሪያ መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ነው። 78ቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ የሣለችው ሴት ግን በዚህ ስም ውስጥ የለችም። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አንድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሲሸጥ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ገንዘቡ ወዴት ሄደ የሚል ነው። የእሷንም ታሪክ የተከታተልኩት በዚሁ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንድ እህቶች «ታሮት ጥንቆላ አይደለም ወይ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛ አገር ሲኒ አንባቢና መጽሐፍ ገላጭ እንዳለ ሁሉ በውጭው ዓለም በታሮት ዕድል የሚተነብዩ ሰዎች አሉ። እኔ ዕድሌን በካርድ አላስነብብም፤ እምነቴም አይፈቅድልኝም። ካርዶቹን የምወዳቸው ለሥዕላቸው ነው። ታሪካቸውም ቢሆን የጀመረው በትንቢት ሳይሆን በጨዋታ ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን የመኳንንት ቤት የካርታ ጨዋታ ነበር። ለሚላኖ ገዢዎች ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ ቤተሰቦች የተሠራው አንድ ስብስብ በእጅ የተሣለና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ሲሆን፣ 74 ካርዶቹ እስከ ዛሬ አሉ። 35ቱ በኒውዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፣ 26ቱ በቤርጋሞ አካዴሚያ ካራራ፣ 13ቱ ደግሞ በአንድ የጣሊያን ባላባት ቤተሰብ እጅ ይገኛሉ። አራቱ ጠፍተዋል፤ ከጠፉት አንዱ የሰይጣን ሥዕል ያለበት ነው። ካርዶቹ ከጥንታዊት ግብፅ የመጡ ምሥጢር ናቸው የሚለው ወሬ የተነሣው ከ300 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ ነው። በ1781 ኩር ደ ጄብላን የተባለ ጸሐፊ ያለ ማስረጃ ጻፈው፤ ሌሎች ተቀበሉት፤ የትንቢቱም ገበያ ከዚያ ወዲህ ደራ።

አንድ የታሮት ስብስብ 78 ካርድ አለው። 22ቱ ትልልቆቹ ይባላሉ፤ ሞኙ፣ ንግሥቲቱ፣ ፍትሕ፣ ሞት፣ ፀሐይ የመሳሰሉት ናቸው። የቀሩት 56ቱ እኛ የምናውቀውን ካርታ ይመስላሉ፤ በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ተከፍለው ከአንድ እስከ አሥር፣ ከዚያም እስከ ንጉሥ ይሄዳሉ። ከፓሜላ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ስብስቦች ላይ ሰባት ሰይፍ ማለት የተደረደሩ ሰባት ሰይፎች ብቻ ነበር። ሰው የለም፣ ታሪክ የለም። በ1490ዎቹ ጣሊያን ውስጥ የተሠራው የሶላ ቡስካ ስብስብ ብቻ በእነዚህ ካርዶች ላይም ሰዎችን አሳይቶ ነበር። የእሱ ፎቶግራፎች በ1907 ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሰጡ። ፓሜላ ሳታያቸው አልቀረችም፤ ልብን የሚወጉት የሦስት ሰይፍ ሥዕሏ ከዚያኛው ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ፓሜላ በ1878 ለንደን ውስጥ ከአሜሪካውያን ወላጆች ተወለደች። አባቷ ለሥራ ሲዘዋወር እሷም በማንችስተር፣ በጃማይካዋ ኪንግስተንና በኒውዮርክ አደገች። በ15 ዓመቷ ብሩክሊን በሚገኘው ፕራት ኢንስቲትዩት ሥዕል መማር ጀመረች፤ ዲግሪዋን ሳትይዝ ወጣች። ገና ወጣት ሳለች በ1896 እናቷ፣ በ1899 አባቷ ሞቱባትና በብዕርና በብሩሽ ራሷን ማስተዳደር ግድ ሆነባት። በ1899 በልጅነቷ የሰማቻቸውን የጃማይካ ተረቶች በመጽሐፍ አወጣች። ከታዋቂዋ ተዋናይት ከኤለን ቴሪ የቲያትር ቡድን ጋር ተጓዘች፤ የመድረክ ልብስና ዕቃ ነደፈች። በ1903 «ግሪን ሺፍ» የተባለ መጽሔት አቋቁማ ሥዕሎቹን በእጅ እየቀባች 13 እትም አወጣች፤ በ1904 ግን ቆመ። በ1907 አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በኒውዮርክ ጋለሪው ሥራዎቿን አሳየላት፤ በዚያ ጋለሪ ከፎቶግራፍ ውጪ ሥራው የታየ የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ለሚታገሉትም ፖስተር ትሠራ ነበር። ስም ነበራት፣ ገንዘብ ግን አልነበራትም።

በ1909 አርተር ኤድዋርድ ዌይት የታሮቱን ሥራ ሰጣት። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ማለትም በስድስት ወር ገደማ፣ 78ቱን ጨረሰች። ሲካፈል በሳምንት ሦስት ሥዕል ይሆናል። ዌይት ስለ ትልልቆቹ ካርዶች ብዙ መመሪያ እንደሰጣት ይነገራል፤ ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን 40 ካርዶች ግን በአብዛኛው ለእሷ እንደተወላት ነው የሚታመነው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸውም እነዚያኑ ነው። አምስት ሳንቲም ላይ ሁለት ችግረኞች በበረዶ ውስጥ፣ ብርሃን ከሞላበት የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥር ያልፋሉ፤ ማንም አይከፍትላቸውም። ስምንት ሳንቲም ላይ አንድ የእጅ ባለሙያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ይቀርጻል፤ የጨረሳቸው ከጎኑ ተሰቅለዋል። አሥር በትር ላይ አንድ ሰው የተሸከመው ዕንጨት ፊቱን ሸፍኖበት ጎንበስ ብሎ ወደ መንደር ይሄዳል። የእንጦጦን እናቶች ሳያስታውስ ይህን ካርድ ማየት የሚችል የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ በጣም የምወደው ስድስት ሳንቲም ነው። ጥሩ የለበሰ ነጋዴ በአንድ እጁ ሚዛን ይዞ በሌላው ለተንበረከኩ ሰዎች ሳንቲም ይሰጣል። የመጀመሪያው ስሜት ደግ ሰው ነው የሚል ነው። ቆይታችሁ ስታዩት ግን ሚዛኑ ከሰጪው እጅ አለመውጣቱ ይታያችኋል። የሰጪና የተቀባይ ሪፖርት ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ሥዕል ብዙ ይናገራል፤ ለጋሾቻችንም ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ፓሜላ የተከፈላት የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ከሽያጩ መቶኛ አልነበራትም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለስቲግሊትዝ በጻፈችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በጣም ጥቂት ገንዘብ ተቀብላ መጨረሷን ነግራዋለች። ካርዱ በታኅሣሥ 1909 ወጣ። በ1911 ካቶሊክ ሆነች። ከአጎቷ ባገኘችው ውርስ ኮርንዎል ውስጥ ቤት ያዘች፤ ለካህናት ማረፊያ አድርጋ ልትሠራበትም ሞከረች። በ1951 ቡድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ስትሞት ባለ ዕዳ ነበረች። ንብረቷን አብራት ለኖረችው ጓደኛዋ ብትናዘዝም ዕቃዋ ለዕዳ መክፈያ ተሸጠ። መቃብሯ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ የካርዶቹ የመጀመሪያ ሥዕሎችም ጠፍተዋል። ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ዩኤስ ጌምስ ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ካርዱን አሳትሞ ዓለምን አዳረሰው። ሥዕሉ በእንግሊዝ ሕግ የተጠበቀበት ዘመን ያበቃው በ2021 መጨረሻ ነው፤ እሷ ከሞተች 70 ዓመት ሲሞላ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ብንጽፈው፣ በእሷ ገጽ ላይ በ1909 የገባ አንድ መስመር ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ከእሷ ቀጥላ የምትነሣው ሌዲ ፍሪዳ ሃሪስ ናት። ከ1938 እስከ 1943 ለአሌይስተር ክራውሊ የ«ቶት» ታሮትን በውሃ ቀለም ሣለች። እሷ ባለጸጋ ስለነበረች ነገሩ ተገልብጦ ነበር፦ ክራውሊን በገንዘብ የምትረዳው ሠዓሊዋ ነበረች። እሷም በ1962 ስትሞት ካርዱ በአግባቡ ገና አልታተመም፤ የወጣው በ1969 ነው።

ዛሬ ከምሰበስባቸው አብዛኞቹ በኮምፒዩተር የተሣሉ ናቸው። ከዲጂታል ሠዓሊዎች የምመርጠው ቺሮ ማርኬቲን ነው። በ2004 ሉዌሊን በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በኩል «ጊልድድ ታሮት» የሚለውን አወጣ፤ የተለበጠ ወርቅ እንደ ማለት ነው። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ብረቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ ያላቸው መዘውሮችና የከበሩ ድንጋዮች የበዙበት ነው። «ይህ የኮምፒዩተር ሥራ ነው፤ እጅ የለበትም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ብርሃን ወርቅ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ያላጠና ሰው ኮምፒዩተር ቢሰጡት ያንን አይሠራም፤ ማሽን ጥለት እንደማይፈጥር ሁሉ። የማልወድለት ነገር አንዳንዱ ካርድ እንደ ሠርግ አዳራሽ ጌጥ ሲበዛበት ነው። የፓሜላ ስድስት ሳንቲም በጥቂት መስመር የሚለውን ወርቅ ሁሉ ተደርቦ አይለውም።

እሱን ያነሣሁት ግን ለሌላም ምክንያት ነው። ማርኬቲ ከአሳታሚ ጋር ከሠራ በኋላ «ታሮት ኦቭ ድሪምስ» የተባለውን በራሱ ወጪ አሳትሞ ራሱ ሸጠ። በኋላም ኪክስታርተርን የመሰሉ የኢንተርኔት መዋጮ መንገዶች ሲመጡ ሠዓሊዎች ገዢዎቻቸውን ቀድመው ማስከፈልና በዚያ ገንዘብ ማሳተም ጀመሩ። ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። አሜሪካዊቷ ኪም ክራንስ በብዕር የሣለችውን «ዋይልድ አንኖውን» በ2012 ራሷ አሳተመች። ከተወደደ በኋላ ነው ትልቅ አሳታሚ የመጣላት፤ ያን ጊዜ የምትደራደረው የተሸጠ ዕቃ ይዛ ነበር።

መግዛት ለምትፈልጉ፣ እኔ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ትልልቆቹን ካርዶች አይደለም፤ ሁሉም ሠዓሊ ለእነሱ ይጨነቃል። አምስት ሳንቲምን፣ ስምንት ሳንቲምን፣ አራት ጽዋን አያለሁ። እዚያ ሠዓሊው ከደከመ ስብስቡ ደክሟል። ቀጥሎ ወረቀቱ ነው፦ በጣም የሚያብለጨልጭ ወረቀት የዲጂታል ሥዕል ጥላውን ይበላዋል፤ ደብዘዝ ያለው ይሻላል። መጠኑም በእጅ መያዝ አለበት። በጣም ርካሽ ሆኖ ያለ ማብራሪያ መጽሐፍ፣ ያለ ሠዓሊ ስም የሚመጣውን አልገዛም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው ሥራ የተገለበጠ ነው፤ ከሽያጩም ለሠዓሊው የሚደርስ ነገር የለም። የፓሜላን ለመግዛት የምትፈልጉ ደግሞ ዩኤስ ጌምስ በ2009 በመቶኛ ዓመቱ በስሟ ያወጣውን ፈልጉ። በየትኛውም እትም ግን ከካርዶቹ ግርጌ የስሟ ፊደላት የተጠላለፉበት፣ እባብ የመሰለ ምልክት አለ። ከሣጥኑ ስም ቢያስቀሯትም ከሥዕሉ አላወጧትም።

በእኛ ማኅበር ለሰላምታ ካርድ ሥዕል የሚስሉ፣ ለጥልፍ ንድፍ የሚያወጡ፣ አሁን አሁን ደግሞ በታብሌት የሚነድፉ እህቶች አሉ። ገዢው «ለሥዕሉ ይህን ያህል» ብሎ ሲከፍል ደረሰኝ ቆርጠን እንሰጣለን፤ ደረሰኙ ላይ ግን ምን እንደሸጥን አንጽፍም። አንድ ጊዜ ለ200 ካርድ ብቻ ነው? ለሁልጊዜ ነው? በቲሸርትና በኩባያ ላይም ነው? በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሠዓሊ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜዋን ሙሉና ከዚያም 50 ዓመት የሚቆይ ነው፤ በአንድ ደረሰኝ መልቀቅ ያሳዝናል። በዲጂታል ሥራ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለገዢ ለኅትመት የተዘጋጀውን ምስል መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ንብርብሩ ያልተዘጋውን፣ እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው የሚነሣበትን ዋናውን ፋይል መስጠት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን የያዘ ሰው ያለ እናንተ ቀለሙን ቀይሮ እንደ አዲስ ሊያወጣው ይችላል። ዋናው ፋይል የራሱ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ ካልተከፈለበት ደግሞ ከእናንተ ዘንድ ይቆይ።

ለዚህ የሚሆን ባለ አንድ ገጽ የውል ረቂቅ አዘጋጅቼ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሰጥቻለሁ። የኅትመቱን ብዛት፣ ውሉ የሚቆይበትን ዓመት፣ ከዚያ በላይ ሲሸጥ የሚከፈለውን መቶኛና የሠዓሊዋ ስም የሚጻፍበትን ቦታ የሚሞሉ ባዶ መስመሮች አሉት። አስተያየት ያላችሁ እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ድረስ በሒሳብ ክፍል በኩል አድርሱን።