ለአዲስ የእድር አባል በካምፓላ፦ ከመዋጮው ባሻገር በምን ላግዝ?

እድር አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ሐዘን የደረሰበትን ሰው በገንዘብም በጉልበትም የሚያግዙበት ማኅበር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በኋላ ነው። ከየገጠሩ የመጣ ሰው ቀባሪ ዘመድ አጠገቡ ስለሌለ ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። እኛም ካባላጋላና ካንሳንጋ የምንኖረው በዚሁ ምክንያት እንሰባሰባለን።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1650 እ.ኤ.አ. በደንባር ጦርነት የተማረኩ ስኮትላንዳውያን ወደ አሜሪካ ተግዘው ለጉልበት ሥራ ተሸጠው ነበር። በ1657 ቦስተን የነበሩ ስኮቶች ገንዘብ አዋጥተው የተቸገረ የአገራቸውን ሰው የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ (2006 እ.ኤ.አ.) ስደተኛ ከፖለቲካና ከትርፍ ነጻ በሆኑ ማኅበራት እንዲደራጅ ይፈቅዳል። ስለዚህ የአገር ቤቱን ፖለቲካ እድር ውስጥ አታስገቡት። ለሕጉም ለሰላማችሁም ይበጃል።

ታዲያ አዲስ አባል ምን ይሥራ?

ደንቡን ጠይቁ። መዋጮው ስንት ነው? የቀረ ይቀጣል ወይ? ወላጅ ወይም ወንድም አገር ቤት ቢሞት እድሩ ይደርሳል ወይ? ይህን ቀድሞ ማወቅ ኋላ ከመቀያየም ያድናል።

መርዶ ላይ ተጠንቀቁ። እዚህ ብዙውን ጊዜ ሐዘን የሚመጣው በስልክ ነው። የአንድ ሰው እናት ማረፋቸውን ቀድማችሁ ብትሰሙ ለባለቤቱ አትደውሉ፣ ፌስቡክ ላይም አትጻፉ። ለእድሩ ዳኛ ብቻ ንገሩ። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሄደው፣ ሰውየውን ከበው ያረዱታል። ብቻውን ታክሲ ውስጥ ሆኖ የእናቱን ሞት ከስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለቅሶ ቤት ጉልበት ስጡ። ወንበር ማመላለስ፣ ውሃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት፣ ሰሃን ማጠብ አለ። ግቢው የኪራይ ከሆነ ድንኳን ከመተከሉ በፊት አከራዩን ማስፈቀድና ለሰፈሩ ሊቀመንበር መንገር ያስፈልጋል። ሉጋንዳ ወይም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይህን ቢይዝ ትልቅ ሸክም ያቃልላል።

በትርጉም አግዙ። ሙላጎ ሆስፒታል ከታመመ ሰው ጋር ብትሄዱ ሐኪሙ ያለውን ብቻ ተርጉሙ፤ ያልገባችሁን ድገሙልኝ በሉ። የሰማችሁትን ምስጢር ደግሞ እዚያው ተዉት።

ገንዘብ በእናንተ ስልክ አይግባ። መዋጮ በቀጥታ ወደ ገንዘብ ያዡ ይላክ፤ በጥሬው ከተከፈለም ወዲያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ልጆችን ፊደል አስተምሩ። እዚህ ተወልደው ከአያታቸው ጋር በስልክ መግባባት ያቃታቸው ልጆች አሉ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ። በሳምንት አንድ ረድፍ፣ ማለትም 7 ፊደል ብቻ ቢያጠኑ እንኳ ዓመት ሳይሞላ ይጨርሳሉ። እኔ በማስተምርበት እንዳየሁት፣ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ የራሱን ስም መጻፍ ይወዳል፤ ከዚያ ጀምሩ።

በመጨረሻ፣ ቃል ስትገቡ አሳንሱ። በወር አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው፣ ሁሌም አለሁ ብሎ ከሚጠፋው ይሻላል። ለቀስተኛ የሚጠብቀው የሚመጣውን ሰው ነው።