አልጀርስ በሲኒማ ሸራ ላይ፤ ከተማዪቱን ማን፥ ከወዴት ቆሞ አያት?

የታሪክ ተማሪ ስለ አንድ ከተማ ለማወቅ ሲነሣ አስቀድሞ የሚፈልገው የመንግሥት መዝገቦችን፥ ደብዳቤዎችን፥ የመንገደኞችን ማስታወሻና የሕንፃዎችን ፍራሽ ነው። ፊልምን ግን ለመዝናኛ የተሠራ ነገር ነው ብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይተወዋል። ይኹን እንጂ አንድን ሩቅ ከተማ በዓይነ ኅሊናችን ስናስብ የሚመጣብን ሥዕል ከመጽሐፍ ይልቅ ከሲኒማ ሸራ የተገኘ መኾኑን ማናችንም አንክድም። ስለዚህ ፊልም ምን ዐይነት ምስክር ነው? ስለ ምንስ ይመሰክራል? የሚለው ጥያቄ የታሪክን ተማሪ በቀጥታ የሚመለከት ነው። በዚህ አጭር ሐተታ ይህን ጥያቄ በአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ፥ በአልጀርስ፥ ላይ ለመመርመር ተነሥተናል። አልጀርስን የመረጥንበት ምክንያት፥ ከ1937 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ውስጥ በባዕድም በተወላጅም እጅ በፊልም ስለ ተሣለች፥ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር ለማስተያየት የምትመች በመኾኗ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልጀርስ በሜዲትራኒያን ባሕር ደቡብ ጠረፍ፥ ከውኃው ዳር ቀጥ ብሎ በሚነሣ ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ስሟ በዐረብኛ «ደሴቶች» ማለት ሲኾን፥ የወጣላትም በፊት ለፊቷ ከነበሩት ትናንሽ ደሴቶች ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት ቡሉጊን ኢብን ዚሪ ቈረቈራት፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኸይረዲን ባርባሮሳ በ1529 የእስፓኞችን ምሽግ ይዞ ደሴቶቹን ከየብስ ጋር ካገናኘ በኋላ ወደቧ ታላቅ ስም አገኘ። ፈረንሳዮች ጁላይ 5 ቀን 1830 ያዟት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ከተሞች ነበሩ ለማለት ይቻላል። ከላይ ካስባ የሚባለው አሮጌው የእስላሞች ከተማ አለ፤ መንገዶቹ ጠባብና ደረጃ የበዛባቸው፥ ቤቶቹም ወደ መንገድ ሳይኾን ወደ ውስጠኛው ግቢያቸው የሚመለከቱ፥ ጣራቸው ሰው የሚቀመጥበት ሰገነት የኾነ ነው። ከታች ደግሞ ፈረንሳዮች የካስባን የታችኛውን ክፍል አፍርሰው አደባባይ አወጡ፤ የከቻዋን መስጊድ በ1832 ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ በ1860ዎቹም በባሕሩ ዳር በቅስት ላይ የተዘረጋውን ሰፊ ጎዳና መሥራት ጀመሩ። ስለዚህ ከመርከብ የሚወርደው እንግዳ ፊት ለፊት የሚያየው የፈረንሳዮቹን ነጭ ሕንፃ ነበር፤ ተወላጁ ከበስተኋላ ቀረ። ይህን አቀማመጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የፊልም አዘጋጅ ካሜራውን ከወደቡ በኩል ቢያቆም አንዲት ከተማ፥ በካስባ ሰገነት ላይ ቢያቆም ደግሞ ሌላ ከተማ ያያልና።

አልጀርስን በዓለም ሲኒማ ቤቶች ካስተዋወቁት ፊልሞች ዋነኛው ዡልየን ዱቪቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ አዘጋጅ የሠራውና በ1937 የታየው «ፔፔ ለ ሞኮ» ነው። ታሪኩ ከፖሊስ ሸሽቶ በካስባ ውስጥ ስለ ተሸሸገ አንድ የፓሪስ ወንበዴ ነው። ፔፔ በካስባ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚይዘው የለም፤ ከዚያ ከወጣ ግን ይያዛል። ከፓሪስ የመጣች አንዲት ሴት ባየ ጊዜ የአገሩ ናፍቆት ይቀሰቀስበታል፤ ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ እዚያም ተይዞ፥ መርከቡ እርሷን ይዞ ሲሄድ እያየ፥ በብረቱ በር ዘንድ ራሱን ይገድላል። ዣን ጋበን የፔፔን ቦታ ይዞ የተጫወተበት ይህ ፊልም በሥነ ጥበብ በኩል ከፍ ያለ መኾኑን እናምናለን። በታሪክ በኩል ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ፊልሙ ሲጀመር የፖሊስ ሹማምንት የካስባን ካርታ ዘርግተው ስለ ሠፈሩ ለእንግዳ ያስረዳሉ፤ ካስባም እንደ ጥልፍልፍ ወጥመድ፥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ የሚርመሰመስበት ሥፍራ ኾና ትቀርባለች። ይህች ካስባ አብዛኛዋ የተሠራችው በፓሪስ አጠገብ በዡዋንቪል በሚገኘው የፓቴ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ከእውነተኛዪቱ አልጀርስ የተነሡት ሥዕሎች ጥቂት ናቸው። የአገሩ ተወላጅ የኾነው የመርማሪው የስሊማን ቦታ እንኳ ለሉካ ግሪዱ፥ የኢኔስም ቦታ ለሊን ኖሮ ተሰጠ፤ ሁለቱም አውሮጳውያን ነበሩ። እንግዲህ ከተማዪቱ አለች፤ የከተማዪቱ ሰው ግን የለም።

የአሜሪካ ሲኒማ ይህንኑ ታሪክ ወዲያው ወሰደው። በ1938 ጆን ክሮምዌል «አልጀርስ» በሚል ስም በሆሊውድ ሠራው፤ ሻርል ቧዬና ሄዲ ላማር ተጫወቱበት። ከዱቪቪዬ ፊልም የተወሰዱ ሥዕሎችም በውስጡ ገቡ። ይኸውም የአልጀርስ ምስል ቅጂ፥ የቅጂውም ቅጂ ኾነ ማለት ነው። የ1942ቱ «ካዛብላንካ» ደግሞ ያው በሰሜን አፍሪካ የሚገኝ የሌላ የባሕር ጠረፍ ከተማ ስም ይዞ፥ በካሊፎርኒያ ተሠርቶ ወጣ። በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ ከተማዪቱ አውሮጳዊው ሰው ተይዞ የሚቀመጥባት ማቆያ ናት፤ ባሕሩ ደግሞ የነጻነቱ በር ነው። የመሄድ ፈቃድ የሚፈልገው፥ የሚናፍቀውም እርሱ ነው። ከእርሱ አጠገብ የሚኖረው የአገሩ ሰው ምን እንደሚናፍቅ የጠየቀ አልነበረም።

መልሱ በፊልም ሳይኾን በጦርነት መጣ። የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ኖቬምበር 1 ቀን 1954 ተጀመረ። ኦገስት 10 ቀን 1956 በካስባ ውስጥ በቴብ መንገድ አውሮጳውያን ያጠመዱት ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን ደግሞ የነጻነት ግንባሩ ሴቶች በአውሮጳውያን ቡና ቤቶች ውስጥ ቦምብ አፈነዱ። በጃኑዋሪ 1957 የከተማዪቱ ጸጥታ በጄኔራል ዣክ ማሱ ለሚመራው ለ10ኛው የፓራሹት ክፍለ ጦር ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የካስባ መውጫዎች በእሾህ ሽቦ ታጠሩ፤ ቤቶች ተፈተሹ፤ የተያዙት ሰዎችም ተሠቃዩ። ያሴፍ ሳዓዲ፥ በአልጀርስ የግንባሩ ተዋጊዎች አለቃ፥ በሴፕቴምበር 1957 ተያዘ። ዓሊ ላ ፗንት የተባለው ተዋጊ ደግሞ ኦክቶበር 8 ቀን ከጓደኞቹ ጋር የተሸሸገበት ቤት በፈንጂ ሲፈርስ ሞተ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ያሸነፈች መስሎ ነበር። ነገር ግን በዲሴምበር 1960 ሕዝቡ ከየሠፈሩ ወጥቶ ሰልፍ አደረገ፤ ጁላይ 5 ቀን 1962፥ ከተማዪቱ በተያዘች ልክ በ132 ዓመቷ፥ ነጻነት ተከበረ።

ጦርነቱ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1965፥ ጂሎ ፖንቴኮርቮ የተባለው ኢጣሊያዊ አዘጋጅ «የአልጀርስ ጦርነት» የተባለውን ፊልም በዚያው ነገሩ በተፈጸመበት ሥፍራ አነሣ። ያሴፍ ሳዓዲ ራሱ በአዘጋጅነት ከገንዘብ አውጪዎቹ አንዱ ኾኖ፥ የራሱን ሕይወት በሚመስል ቦታም ተጫወተ። የኮሎኔል ማትዮን ቦታ ከያዘው ከዣን ማርተን በቀር ዋነኞቹ ተጫዋቾች በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ስለ ተሠራ የዜና ሥዕል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድም የዜና ፊልም ቁራጭ አልገባበትም። በ1966 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀበለ፤ በፈረንሳይ ግን እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለሕዝብ ሳይታይ ቆየ።

ይህን ፊልም ከ«ፔፔ ለ ሞኮ» ጋር ስናስተያየው ለውጡ በግልጥ ይታያል። ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ ሰገነቶቹም ያው ናቸው። አሁን ግን ካሜራው በካስባ ቤት ውስጥ፥ ከግድግዳው በስተኋላ ከተሸሸጉት ሰዎች ጋር ነው። በፊት ለእንግዳው ጥልፍልፍ ወጥመድ ይመስለው የነበረው መንገድ ለተወላጁ የሚያውቀው ሠፈሩ ነው። ሴቶቹ ጠጕራቸውን ቈርጠው፥ እንደ አውሮጳውያን ለብሰው የኬላውን ወታደር አልፈው ወደ ታችኛው ከተማ ሲወርዱ፥ በእነዚያ ጥቂት ደረጃዎች ላይ የሁለት ከተሞች ድንበር መኖሩን ተመልካቹ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ በተሻለ ይረዳዋል። በሌሊት ከሰገነቶቹ የሚሰማው የሴቶች እልልታም፥ ቀድሞ የፊልም አዘጋጆች ከበስተኋላ ያስቀመጡት ሕዝብ ድምፅ እንዳለው ያስታውቃል።

ይኹን እንጂ የታሪክ ተማሪ ለወደደው ምስክር ሚዛኑን ማዛባት አይገባውም። «የአልጀርስ ጦርነት»ም ከአንድ ሥፍራ ቆሞ የተመለከተ ፊልም ነው። ኮሎኔል ማትዮ ከብዙ የፈረንሳይ መኮንኖች ተውጣጥቶ የተፈጠረ ሰው ነው። የነጻነት ግንባሩ ከሌላው የአልጄሪያ ንቅናቄ፥ ከመሳሊ ሀጅ ተከታዮች፥ ጋር ያደረገው ደም ያፈሰሰ ጠብ በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ካሸነፈው ወገን የኾነ ሰው ባለበት የተሠራ ፊልም ያን ጠብ መተዉ አያስደንቅም፤ አንባቢው ግን ማወቅ አለበት። በአንጻሩ ደግሞ መንግሥት የካደውን ነገር ፊልሙ አስቀድሞ መናገሩን መመስከር ይገባናል። ማሠቃየቱን በግልጥ አሳየ። የግንባሩ መሪ ላርቢ ቤን ምሂዲ በ1957 በእስር ላይ ሳለ ሲሞት ራሱን ሰቀለ ተብሎ ነበር፤ ጄኔራል ፖል ኦሳሬስ ግን በ2001 ባወጣው መጽሐፍ መገደሉን ገለጠ፤ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮንም ኖቬምበር 1 ቀን 2024 በፈረንሳይ ወታደሮች መገደሉን አመነ። በሌላም በኩል በ2003 የአሜሪካ ጦር ኀይል ወደ ኢራቅ ከገባ በኋላ፥ በጦር ሚኒስቴሩ በፔንታጎን ይኸው ፊልም ለመኮንኖች ታየ። ስለ ነጻነት የተሠራ ፊልም ነጻነትን ለሚከለክልም ለሚፈልግም ትምህርት መስጫ ሲኾን፥ ትርጕሙ በአዘጋጁ ብቻ ሳይኾን በተመልካቹም እንደሚወሰን እንረዳለን።

ከነጻነት በኋላ የከተማዪቱ ልጆች ራሳቸው ካሜራውን ያዙ። የአልጀርስ ማዘጋጃ ቤት ስለ ከተማዪቱ ፊልም እንዲሠራለት ሙሐመድ ዚነትን አዘዘ፤ እርሱ ግን በ1971 ያቀረበው «ታህያ ያ ዲዱ» የቱሪስት ማስታወቂያ አልነበረም። ሞሞ የተባለው የካስባ ባለቅኔ ሂሙድ ብራሂሚ በባሕሩ ዳር ቆሞ ለከተማዪቱ ግጥም ይናገራል። አንድ ፈረንሳዊ አገር ጐብኚም ከሚስቱ ጋር ሲዘዋወር፥ በጦርነቱ ጊዜ ያሠቃየው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ትኵር ብሎ ሲያየው ያገኛል። ጐብኚው ደንግጦ ይሸሻል፤ ያ ሰው ግን ዕውር ነበር። የዕውሩን ቦታ የተጫወተው ዚነት ራሱ ነው። አልጀርስ ለብዙ ዘመን ስትታይ የኖረች ከተማ ናት፤ በዚህ ትዕይንት ግን ተመልካቹ ራሱ እንደ ታየ ያስባል። በአንድ ምሽት ጨዋታ ውስጥ የ132 ዓመት ታሪክ የተገለበጠ ይመስለናል።

የመጨረሻው ምሳሌያችን የመርዛቅ አሉዋሽ «ባብ ኤል ዌድ ሲቲ» ነው። ባብ ኤል ዌድ ከካስባ በስተሰሜን ምዕራብ በባሕሩ ዳር ያለ፥ በፈረንሳዮች ዘመን የድኻ አውሮጳውያን መኖሪያ የነበረ ሠፈር ነው። በ1994 የታየው ይህ ፊልም አገሪቱ በእርስ በርስ ደም መፋሰስ ውስጥ ሳለች የተነሣ ነው። ቡዓለም የተባለው ወጣት ዳቦ ጋጋሪ ሌሊት ሠርቶ ቀን እንዳይተኛ የሚያውከውን የድምፅ ማጉያ ከሰገነቱ ነቅሎ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ አክራሪዎቹ ወጣቶች ያሳድዱታል፤ በመጨረሻም አገሩን ጥሎ በመርከብ ይሄዳል። እዚህ ላይ ታሪኩ ዞሮ ወደ ወደቡ ተመለሰ። በ1937 በብረቱ በር አጠገብ ቆሞ መርከቡን የሚናፍቀው ፓሪሳዊው ነበር፤ በ1994 ግን የሚሄደው የአገሩ ልጅ ነው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ የተለወጠው የሚመለከተው ሰውና የሚገፋው ችግር ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ፊልም የከተማን ታሪክ እንደ መስታወት አያሳይም፤ ከወዴት እንደ ታየች ግን በታማኝነት ይመዘግባል። የዱቪቪዬ ፊልም ስለ 1937ቱ አልጀርስ ብዙ አያስተምረንም፤ ፈረንሳይ ስለ ቅኝ ግዛቷ ምን እንደምታስብ፥ ማንንስ ማየት እንዳልፈለገች ግን ከብዙ መዝገብ ይልቅ ይነግረናል። ስለዚህ ፊልምን ለምስክርነት የሚጠራ ተማሪ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ እናሳስባለን፦ ካሜራው የት ቆሟል? የአገሩን ሰው ቦታ ማን ተጫወተ? ባሕሩ ወይም መንገዱ ለማን ተከፍቷል? ጉዳዩ የተመልካችነት ብቻ አይደለም። ካስባ በ1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ ቤቶቿ ግን እያረጁ በየጊዜው ይፈርሳሉ። ግድግዳው ሲወድቅ ከሚቀሩት ምስክሮች አንዱ ፊልሙ ነው። ያን ጊዜ፥ ፊልሙ የከተማዪቱን ሰው ያልቈጠረ እንደ ኾነ፥ ከከተማዪቱ ጋር የሰውየውም መታሰቢያ ይፈርሳል። ይህን አስቀድሞ ማየትና መመዝገብ የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው።