ማሽኑ አማርኛ ረሳ እንዴ?

ፎቶሾፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ የእጅ ልማድ ነበረው። ፎቶ ሲያሳድግ በግራ እጁ ትንሿ ጣት ሺፍትን ይጫናል፤ ያኔ ቁመትና ወርዱ ተመጣጥኖ ያድጋል። ማንም አስቦበት አይደለም የሚያደርገው። እንደ ጉርሻ ነው፣ እጅ አፍን ፈልጎ አያጣም። በጥቅምት 2011 (በፈረንጆቹ 2018 መሆኑ ነው) የወጣው ቨርዥን ይህንን ገለበጠው። ሺፍት ሳይነካ ፎቶው ተመጣጥኖ ያድጋል፤ ሺፍት ከተነካ ግን ይጣመማል። የለመደ እጅ በለመደው ሲሄድ የሙሽራው ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ይሰፋል። በዚያው ቨርዥን ኮንትሮል ዜድም ተቀየረ። ቀድሞ ሁለቴ ሲመታ የሠራኸውን አጥፍቶ መልሶ ያመጣልህ ነበር፤ ሁለቱን ለማነጻጸር የሚመች ነገር ነበር። አሁን ወደ ኋላ ብቻ ይሄዳል።

የዓለም ዲዛይነር ሁሉ ጮኸ። ኩባንያውም አሮጌውን ልማድ የሚመልስ ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ሸጎጠ። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ሰው ታሪክ ነው።

እኛ ጋ ግን አፕዴት በየዓመቱ አይመጣም። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲሱ ፎቶሾፕ በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ሆነ፤ ያም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ላይ ባነርና የሠርግ ጥሪ የሚሠራ ቤት ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ያው አሮጌው ቨርዥን ለዓመታት ያገለግላል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው ከባሕር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞ ይመጣና የስምንት የዘጠኝ ዓመት ለውጥ በአንድ ሌሊት ይወርድብናል። ሌላው ዓለም እየተነጫነጨ በየዓመቱ አንዳንድ ደረጃ ይወጣል። እኛ ከምድር ቤት ተነሥተን ጣራው ላይ ነው የምንገኘው።

ይህ ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጋፋት ከከተማችን ቅርብ ናት። ከባዝል አጠገብ ከምትገኘው ክሪስቾና የመጡት እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር የሰፈሩት እዚያ ነበር። የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ናቸው፤ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር የመጡት። አፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ፈለጉ። መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው ባይሆንም በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። ስለ መድፉ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። እኔን የሚገርመኝ መንገዱ ነው። መድፉ ተሠርቶ አለቀ ሲባል የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ በጂዳና በበሽሎ ገደል መንገድ እያስቆፈሩ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መንገዱን የሚቆፍረው ሌላ ሰው ነው። ያንን ሰው ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

በፊደላችንም የሆነው ይኸው ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይህን ሁሉ የላቲን የጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ሲታገሉ የነበረው ችግር የቁልፍ ማነስ ነበር። በጽሕፈት መኪናው መፍትሔው ፊደሉን ከነቅጥያው መሰባበር ሆነ፤ ግንዱን መትተህ ቅጥያውን ትለጥፍበታለህ። የአሮጌ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያንን ጎባጣ ፊደል ያውቀዋል። በብራና ላይ ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብም በባዶ ቦታ ተተክቶ ቀስ በቀስ ከዕለት ተዕለት ጽሑፋችን ወጣ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በዚያ ዘመን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ያልበቃውን በሌላ ፎንት ከፈሉት። ብልህ ሥራ ነበር፣ ጋዜጣና መጽሐፍ በዚህ ነው የታተመው። ፋይሉ ውስጥ ግን የተጻፈው አማርኛ አልነበረም። የላቲን ኮድ ሆኖ አማርኛ የለበሰ ነበር። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» 4608 ሆነች። በ2007 ደግሞ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክህ ይህን የምታነበው በዚያ ምክንያት ነው። እውነት ለመናገር ከመጡት ለውጦች ሁሉ የማልነጫነጭበት ይህ ብቻ ነው።

ግን አሮጌው ፋይልስ?

አንዲት እናት ባለፈው ፍላሽ ይዘው መጡ። የባለቤታቸው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ለሙት ዓመቱ የተተየበ። እንደገና ማሳተም ፈልገዋል። ፋይሉን ስከፍተው ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነ። ስክሪኑን አተኩረው አዩና፦

«የኔ ልጅ፣ ማሽንህ አማርኛ ረሳ እንዴ?»

«አልረሳም እማማ። ትንሽ ይቀመጡ፣ በአሮጌው ልሞክርልዎ።»

ጓዳ ውስጥ ኤክስፒ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለን። ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም፣ አፕዴት የሚባል አልነካውም። ሰው ሁሉ ለምን አትጥሉትም ይለናል። እዚያ ላይ ሲከፈት የባልየው ስም ከላይ በትልቁ ወጣ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ዝም አሉ። አትሜ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ደግሞ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩት።

አሮጌውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ከሆነ ፕሮግራሙ እንግሊዝኛውንም አማርኛ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምት በእጄ ነው የምተይበው። የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ ጨርሻለሁ። አሁን የአባላቱ ዝርዝር ላይ ነኝ። እነ «ጓ» እና «ቋ» የነበሩበት ሁለተኛው ፎንት አሮጌው ኮምፒውተር ላይ እንኳ የለም፤ በቦታቸው ሌላ ፊደል ይገባል፣ ጓዴ የነበረው ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የእድሩ ጸሐፊ ይመጡና ማን ማን እንደነበረ ቁጭ ብለን እንለያለን። ግማሾቹ አርፈዋል፤ ስማቸውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።